አንድ ነጭ ልብስ ለሁለት

ስሚማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀሞ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው የጂዩ ጂትሱ ክለብ፣ የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል፤ እኔ ኤልዳና ከሦስት ሳምንት እረፍት በኋላ ወደ ጀማሪዎቹ ክፍል ልመለስ ስመጣ፣ ነጩን የትግል ልብሴን ማን ለብሶት ባገኝ ጥሩ ነው? እማዬ!

ኤልዳና፦ አውልቂው እማ! በናትሽ፣ ሰው ሳይገባ አውልቂው!

እማዬ፦ ቀስ በይ፣ ቀበቶውን አትጎትቺ! በስንት መከራ ነው ያሰርኩት።

ኤልዳና፦ የኔ ልብስ እኮ ነው! ቤት ውስጥ ስፈልገው ስፈልገው፣ አልጋ ሥር ሁሉ ገባሁ። አንቺ «መርካቶ ክር ልገዛ ነው» ብለሽ አልነበር የወጣሽው?

እማዬ፦ ከዚህ ስወጣ እገዛለሁ።

ኤልዳና፦ ያለፈው ቅዳሜስ? ከዛ በፊት ያለውስ?

እማዬ፦ ሁሌም ገዝቻለሁ። ቤቱ በክር አልሞላም?

ኤልዳና፦ ወይኔ ጉዴ! ሦስቱንም ቅዳሜ እዚህ ነበርሽ?

እማዬ፦ አንቺ «የእግር ጣቴን» ብለሽ ሶፋ ላይ ስትንጋለይ ማን ይምጣ ታዲያ?

ኤልዳና፦ ጣቴ ተጎድቶ ነበራ! አሁን ድኛለሁ። እማ፣ ሙች፣ ዛሬ ካልገባሁ አለቀልኝ። አራት ቅዳሜ የቀረ ስሙ ይሰረዛል፣ በሩ ላይ ተለጥፏል። ሦስት ቀርቻለሁ። ጊታሩንም ጀምሬ ተውኩት፣ የፀጉር ሥራውንም ተውኩት። ይሄን ከተውኩ በቃ፣ ዘመዱ ሁሉ ሊስቅብኝ ነው።

እማዬ፦ የትኛው እግርሽ ነበር?

ኤልዳና፦ የ... ግራው።

እማዬ፦ ሽንት ቤት ስትሄጂ በግራ ታነክሻለሽ፣ ሪሞት ልታመጪ ስትነሺ በቀኝ። ስልክሽ ሲጠራ ደግሞ በሁለቱም ትሮጫለሽ።

ኤልዳና፦ ጣቱን ተይው። እጅጌው ጫፍ ላይ ያለው ምንድነው? እማ! ጥለት ሰፍተሽበታል?

እማዬ፦ ትንሽዬ ናት። ባዶውን የሆስፒታል ጋወን መሰለኛ። እኔ ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት ልቁም?

ኤልዳና፦ ኮች ሚልኪያስ አይቶ ምን አለሽ?

እማዬ፦ ለእህቱ ሰርግ እንደዚሁ ዓይነት ትሠሪልኛለሽ ወይ አለኝ።

ኤልዳና፦ ጎኑስ? ሁለት ሰው ያስገባል እኮ!

እማዬ፦ አስፍቼዋለሁ። አንቺን የሚያክል ሰው ብቻ ነው የሚታገለው?

ኤልዳና፦ አርባ ሰባት ዓመትሽ ነው እማ! በዚህ ዕድሜሽ የሰው ልጅ ላይ ትወጫለሽ?

እማዬ፦ ወጥቼ ዝም አልልም፣ አጫውታቸዋለሁ። መጀመሪያ ሦስቴ እስማቸዋለሁ...

ኤልዳና፦ ትስሚያለሽ? እዚህ እኮ እጅ ለእጅ ነካ ተደርጎ ነው የሚጀመረው!

እማዬ፦ ሰላም ሳልላት አንገቷን ልያዝ? ከዛ ደረቷ ላይ ተመቻችቼ እቀመጥና «የማን ልጅ ነሽ? የማትሪክ ውጤት መጣ ወይ? ምን ልትማሪ አሰብሽ?» እላታለሁ። ውጤቱ ጋ ስደርስ ምንጣፉን መታ መታ ያደርጋሉ። ኮቹ ማሸነፍ ማለት ያ ነው አለኝ።

ኤልዳና፦ ሶልያናንም?

እማዬ፦ ሶልዬን በተለይ። ጨዋ ልጅ ናት። አንገቷ ግን ቀጭን ነው፣ አትበላም መሰለኝ።

ኤልዳና፦ ከኔ ጋር ነው የምትለማመደው! ጓደኛዬ ናት! እንዴት ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነገረችኝም?

እማዬ፦ እኔ ነኝ አትንገሪያት ያልኳት። ያንቺን ግን ነገረችኝ።

ኤልዳና፦ የኔን ምን?

እማዬ፦ የጣትሽን ነገር።

ኤልዳና፦ ምን ብላ ነገረችሽ?

እማዬ፦ ሶልዬ ክንድሽን ስትይዘው «ተሸነፍኩ፣ ልቀቂኝ» ለማለት ምንጣፉን ሁለቴ መታ ማድረግ ነበረብሽ አሉ። አንቺ «እማዬ!» ብለሽ ጮኽሽ።

ኤልዳና፦ አፌ ላይ የመጣልኝን ነዋ! ሰው ሲያመው ሌላ ምን ይላል?

እማዬ፦ እሷም መታ ስላላደረግሽ አለቅም አለች።

ኤልዳና፦ አራቴ ነው የጮኽኩት እማ፣ አራቴ! ታች ዳቦ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። ከዛ ስሜ «እማዬ» ሆኖ ቀረ። «እማዬ መጣች! እማዬ ውሃ አቀብይን!» በዚህ ስም እንዴት ልምጣ? ጣቴን አሳበብኩ።

እማዬ፦ አይዞሽ፣ አሁን ማንም እንደዛ አይልሽም።

ኤልዳና፦ ረሱት?

እማዬ፦ አልረሱትም። ስሙን ለኔ ሰጡኝ።

ኤልዳና፦ አታስቂኝ እማ፣ ተናድጃለሁ!

እማዬ፦ ምን ያስቃል? ጠራሽኝ፣ መጣሁ። ትንሽ ዘገየሁ እንጂ።

ኤልዳና፦ እሺ መጣሽ፣ አመሰግናለሁ፣ አሁን አውልቂ። አራተኛ ቅዳሜ ልቀር ነው እያልኩሽ!

እማዬ፦ አንድም ቅዳሜ አልቀረሽም።

ኤልዳና፦ እንዴት ነው ያልቀረሁት?

እማዬ፦ መጀመሪያ የመጣሁት አሟታል ብዬ ልናገር ነው። ኮቹ «ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ፣ ቦታዋ ባዶ አይቀመጥም» አለኝ። ባዶ ለምን ይቀመጣል? እኔ ተቀመጥኩበት። «ኤልዳና» ብሎ ሲጠራ «አቤት» እላለሁ፣ እሱም ምልክት ያደርጋል። ስምሽ ንጹሕ ነው።

ኤልዳና፦ እማ...

እማዬ፦ በቃ፣ መጣሽ አይደል? ቦታሽን ተረከቢኝ። ቆይ ቀበቶውን ልፍታው።

ኤልዳና፦ ምነው፣ አልፈታ አለሽ?

እማዬ፦ ጠብቋል።

ኤልዳና፦ ልብስ ሰፊ ቋጠሮ ያቅታታል?

እማዬ፦ ዛሬ ኮቹ ከታች ሆኖ የላይኛውን መገልበጥ አሳያችኋለሁ ብሎን ነበር። እንዲያው ነው ያልኩት። ሄጄ ክር ልግዛ።

ኤልዳና፦ ዞር በይማ። እያለቀስሽ ነው እንዴ?

እማዬ፦ የናንተ ሽቶ ነው፣ ክፍሉን አጥናችሁታል።

ኤልዳና፦ ተይው፣ አትፍቺው። ሶልያና ትፍረደን። ስገባ ዳር ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ አይቻታለሁ፣ ልጻፍላት።

እማዬ፦ ምን ብለሽ?

ኤልዳና፦ «አንድ ልብስ ይዘን እኔና እማ ተጣልተናል። ዛሬ ከማናችን ጋር መለማመድ ትፈልጊያለሽ? እውነቱን!» ላክሁት።

እማዬ፦ እኔን ነው የምትለው።

ኤልዳና፦ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት!

እማዬ፦ እኔ ግን ቆሎ አመጣላታለሁ። ስሚ፣ ኮቹ ስም መጥራት ጀመረ!

ኤልዳና፦ መለሰች!

እማዬ፦ አንብቢዋ! እንዳለችው፣ አንድ ቃል ሳትቀንሺ!

ኤልዳና፦ «ከማናችሁም። እናትሽ ያለፈው ቅዳሜ ከያዙኝ ወዲህ አንገቴ አይዞርም፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ነው የማየው። ልብሴ እዛው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ ልበሺውና ሁለታችሁም ግቡ። እማዬ ራሳቸው ሲያንቁሽ ማንን እንደምትጠሪ ሳላይ ወደ ቤቴ አልሄድም።»