ማሽኑ የቆለፈባቸው አሥራ አንድ ማልያዎች

«ዝናቡስ አባራ፣ ዩጌትዬ፤ ጉልበቴ ነው ገና ያላመነው። ወንበሩን ወደዚህ ሳቢውና ቁጭ በይ እስቲ። ቡናው ዛሬ አልቀጠነብሽም? እኔስ ቀጥኖብኛል። ደግሞ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሰሞኑን ሁሉም ነገር ውሃ ውሃ ይለኛል…»

ሶላንዥ ቦኬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታወራው ጸጉር ሠሪዋ ዩጌት ጆሮዋ ከብዶ አይደለም። ቡና ቤቱ ውስጥ ከጀርባዋ ባለው ጠረጴዛ የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ ሊቀመንበር ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሶላንዥ በዚህ ክለብ ሠላሳ አንድ ዓመት ማልያ ያጠበች ሴት ናት። ክለቡ ባለፈው ረቡዕ፣ ላለመውረድ በተደረገው የመጨረሻ የመልስ ጨዋታ ተሸንፎ ከሁለተኛው ሊግ ወርዷል። ዛሬ በአሥራ ሁለት ሰዓት ኮሚቴው ይቀመጣል፤ የማጠቢያ ክፍሉ ቁልፍ ከእጅዋ ይወሰድ ወይስ አይወሰድ ሊወስን።

«ጥፋቱማ የእኔ ነው። በማን ላይ ላላክከው? ማሽኑ ውስጥ የከተተው የማን እጅ ነው? ይኸው፣ ይህ እጅ። ቁልፉን የተጫነችውም ይህችው ጣት። ኳስ መቼ አውቅና! ሠላሳ አንድ ዓመት ከሜዳው በአንድ ግድግዳ ተለይቼ ኖሬ፣ የማውቀው ጭቃው ከየትኛው ጎል አፍ እንደመጣ ብቻ ነው።

«የሚያውቁ ሰዎች አሉ። አንድ ትልቅ ሰው… ስም መጥራት አልወድም… የተማሩ፣ ያነበቡ። የውድድሩን ደንብ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ማን ደንብ ያነባል? ተጫዋቹ አያነብ፣ አሠልጣኙ አያነብ። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ቤት ድረስ እየመጡ አስረዱን እኮ! ‹እነሱ ሜዳ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን፤ ያቺ ከሜዳችን ውጭ ያገባናት አንዷ ጎል ግን እንደ ሁለት ትቆጠራለች። እዚህ አንድ ለባዶ ካሸነፍን አለቀ፣ ተርፈናል።› ዳቦ ጋጋሪው ዕንባው መጣ። እኔም በጣቴ ቆጠርኩት። እውነትም አለቀ።

«አንድ ለባዶ አሸነፍን። ዳኛው ሲያፏጭ ማን ቀድሞ ሜዳ ገባ? በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ወገብ! ለክለቡ እንዲህ የሮጠ ሰው አይቼ አላውቅም። እስከ ዛሬ የት ነበር ይህ ሩጫ የሚል ክፉ ሰው አይጠፋም… እኔ አላልኩም። ልጆቹን እያቀፉ መልበሻ ክፍል አስገቧቸው። ሻምፓኙ ተከፈተ፤ አምበሉ ጫማውን ለሕዝቡ ወርውሮት ገባ። ወደ እኔ ዞር ብለው ‹ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ፎቶ እንነሳለን፤ ማልያዎቹ አሁኑኑ› አሉኝ። እኔስ ብትይ፣ ሰው ሲያዘኝ ‹እርግጠኛ ነዎት?› የምትል ቃል ከአፌ ወጥታ የማታውቅ ፍጡር! አሥራ አንዱንም ከላያቸው ገፍፌ ከተትኩት። እየዘፈንኩ።

«ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ዳኛው ነው። ‹ምነው ጠፋችሁ? በድምሩ ሁለት ለሁለት እኩል ናችሁ፤ ተጨማሪው ሠላሳ ደቂቃ ይቀረናል እኮ!›

«ለካ ያ የውጭ ጎል ደንብ ከተሻረ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው አንብበዋል፣ ማንም አይክድም… ያነበቡት ብቻ የልጅ ልጃቸው ሳትወለድ የታተመውን ነው። የድሮ ወረቀት ደግሞ ጥራቱ!

«ማሽኔን ታውቂዋለሽ፤ አንዴ ከጀመረ በሩን አይከፍትም። ለመንኩት። ረገጥኩት። ተንበርክኬ በመስታወቱ ሳይ አሥራ አንዱ አረፋ ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ በዚያን ዕለት ከእኛ ወገን እንደነሱ የሮጠ የለም። ልጆቹ ለዕረፍት ሲገቡ ያወለቁትን፣ ጭቃ የጠጣውን ማልያ ከቅርጫት አውጥተው ለበሱ። አምበሉ ሁለት ቁጥር የሚሰፋው ጫማ ተውሶ ወጣ። ሻምፓኝ የጠጣ ተከላካይስ አይተሽ ታውቂያለሽ?… በመቶ አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ገባብን። ወረድን። ማልያዎቹ ግን እንደ በረዶ ነጥተው ወጡ! እንደኛ ጸድቶ የወረደ ክለብ በፈረንሳይ አገር የለም።»

ሶላንዥ ብቻዋን ሳቀች። ከጀርባዋ ጋዜጣው አንዴም ሲገለጥ አልተሰማም።

«አሁን ደግሞ ሪፖርት ተጽፏል አሉ። ‹ሽንፈቱ ከማጠቢያ ክፍሉ በተፈጠረ መዘግየት የመጣ ነው።› እንዴት ያለ ዓረፍተ ነገር ነው! ስሜን እንኳ አላነሱም፣ ጨዋ ናቸው። ልክ ናቸው ደግሞ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንት እድፍ ያስለቀቅሁ ሴትዮ፣ ይህችን አንዷን ተሸክሜ ብሄድ ምን ይለኛል?

«አንድ ክፉ አመል ብቻ አለኝ፣ ወረቀት አልጥልም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ውል ሲያዋውሉ የኖሩ ሰው አይደሉ? ትእዛዝ በቃል ብቻ መስጠት አይሆንላቸውም። ሻምፓኙ እጃቸው ላይ እየፈሰሰ እንኳ ጽፈው ነው የሰጡኝ። ‹ማልያዎቹ አሁኑኑ ይታጠቡ።› ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ፊርማው አለ። ይኸው፣ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ናት። የሚገርምሽ፣ በዚያን ቀን ሳላጥበው የቀረሁት ነገር እሷ ብቻ ናት። ማታ ለኮሚቴው አሳያታለሁ… ለክስ አይደለም እቴ! የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል፤ ይዩላቸው ብዬ ነው።»

ጋዜጣው ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ሶላንዥ ዞር አላለችም። ካፖርቷን ቆለፈች፤ ከቡናዋ የቀረውን ጨለጠች።

«በይ ልነሳ። ስለ እሳቸው ክፉ ስታወሪ እንዳልሰማ፣ ዩጌት። እኔ በየጸሎቴ አነሳቸዋለሁ። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ዓይናቸውን ያብራላቸው፣ የሚያነቡትም አይጡ። እንደ እኔ ሳትጠይቅ የምትታዘዝ ሞኝ ከደጃቸው አትጥፋ። ጨዋታቸው ሲያልቅም… ማለቁን በጊዜ የሚነግራቸው ሰው አያሳጣቸው።»