የመጋዙ ጩኸትና የኮሚቴው ዝምታ

ጡረታ የወጡት አናጢ የሰፈሩ የጋራ ወርክሾፕ ሊቀመንበር ናቸው። ያን ዕለት በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ግራ ቀኝ ያያሉ። የስብሰባው ሰዓት አልፏል። ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ የመጣው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ እሱም እንቅልፍ እያንገላጀጀው ነው።

ወርክሾፑ ያለበት ቤት ባለቤት፣ «የመጋዝ ማሽናችሁ ጩኸት ጎረቤት አስመረረ። እስከ ወሩ መጨረሻ መላ ካላበጃችሁለት ቁልፌን መልሱ» ብሏል። መላ የሚያበጀው ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ተጠርቶ አልመጣም።

በዚህ መሐል የእህታቸው ልጅ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንግታ ብቅ አለች። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣች በያጅ ናት፤ የኮሚቴው አባልም ናት። አጎቷን ስታይ ወደ ማዶ ልትሻገር አለች።

«ነይ ወዲህ! አጎትሽን መንገድ ዳር ገትረሽ ወዴት ነው?»

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ወደ ቤት ነው።»

«ስብሰባ መኖሩ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም። እውነቱን ልንገርዎት ወይስ ላክብርዎት?»

«ሁለቱንም አድርጊ።»

«እንግዲያው አይቆጡ። ሰው ወርክሾፑን አልጠላም፤ የጠላው ስብሰባውን ነው። ስም እንኳ አውጥቶልዎታል።»

«ማን ብሎ?»

«‹ባለፈው እንደተባለው›።»

ጸሐፊው ከውስጥ ሳቀ። ሽማግሌው ዞር ሲሉ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ያለፈው ሳይነበብ ስብሰባ አለ እንዴ? ሥርዓት ነው!»

«ይነበብ፤ ግን ከሀ እስከ ፐ ነው የሚያነቡት። ከዚያ በዕድሜ ተራ እንናገራለን። ለእኔ እስኪደርስ ግማሹ ሰው ወጥቷል። ሶፋ ሠሪዋ ኮሚቴ ከገባች ወዲህ ድምፅዋን ሰምተው ያውቃሉ?»

«ዝምተኛ ናት።»

«ገበያ ላይ ያግኟት!»

«ታዲያ ታላቅ ቁጭ ብሎ ታናሽ ይቅደም ነው የምትይው?»

«አዎ ጋሼ። እርስዎ ከቀደሙ ማን ይቃወምዎታል? ሰው ‹እሺ› ብሎ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ይቀራል። ደመወዝ የለን፣ ቅጣት የለን፤ በፈቃዱ የመጣ በፈቃዱ ይቀራል። ደግሞ ‹ስብሰባ ላይ መሣሪያ አይነካም› ይላሉ። እኛ በእጃችን የምንኖር ሰዎች ነን፤ እጃችን ሲታሰር አፋችንም ይታሰራል። ነገሩ የመጋዝ ከሆነ መጋዙ ዘንድ እንሰብሰብ። እናስነሳውና ጎረቤት ሆነን እንስማው።»

«ይሄ ገበያ እንጂ ስብሰባ ነው?»

«ለባዶ ወንበር ሊቀመንበር ከመሆን ገበያው አይሻልም?»

ሽማግሌውን ጎመዘዛቸው። ሰው እውነትን ከታናሹ ሲሰማ አስቀድሞ የሚቆጥረው የተናጋሪውን ዕድሜ ነው። ነገር ግን ወሩ ሊያልቅ ነው፤ ቁልፉ ከሄደ ደግሞ እሳቸው ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት የለም።

«እሺ፣ አንድ ጊዜ ይሞከር» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ «ሥራችንን ይዘን እንድንመጣ ተባለ» የሚለው ወሬ ሰውን አመጣው። አንዱ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ሌላው የሚሞርደው ብረት ይዞ በመሥሪያ ጠረጴዛው ዙሪያ ቆመ። ያለፈው ቃለ ጉባኤ በአጭሩ ተነገረ። መጋዙ ተነሣ፤ ሁሉም በየተራ ጎረቤት ቤት እየገቡ አዳመጡ።

በያጇ ከሁሉ ቀድማ፣ «ግድግዳውን እንሸፍነው» አለች።

ሶፋ ሠሪዋ መርፌዋን ሳትጥል፣ «እኔን የነዘረኝ እግሬን ነው፤ ወለሉም አለበት። ከመጋዙ ሥር ስፖንጅ እናንጥፍ» አለች።

«ስፖንጅ ይሟሽሻል!» አሉ ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ ተራዎ አልደረሰም!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሽማግሌው ቢከብዳቸውም ተራቸውን ጠበቁ። ከአባላቱ አንዱ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ «ስፖንጁ ይቅር፤ አሮጌ ጎማ ከእኔ» አለ። በመጨረሻ የሽማግሌው ተራ ደረሰ።

«እንግዲህ ጎማው የሚቀመጥበትን የእንጨት መደብ እኔ እሠራለሁ።»

ሥራው የዚያኑ ዕለት ተጀመረ፤ ግድግዳውም ተሸፈነ።

ወሩ ሲያልቅ የቤቱ ባለቤት መጥቶ ጎረቤት ቤት ተቀመጠ። ጥቂት ጠበቀና፣ «እስቲ አስነሱት በሏቸው» አለ።

«ከተነሣ ቆየ እኮ» አለችው ጎረቤቷ።

ባለቤቱ ቁልፉን ሳይጠይቅ ሄደ።

አሁን ያ ኮሚቴ ሲጠራ ይሞላል። ታናሹ ስለሚሰማ ይመጣል፤ ታላቁም ሌላውን ሰምቶ ስለሚናገር ቃሉ ይከብራል። ክርክሩ ዕቃው ፊት ስለሆነ ያጥራል፤ የተወሰነውም ሳያድር ይጀመራል።

በቅርቡ የአንድ ሌላ ማኅበር ሊቀመንበር፣ «የዛሬ ሰው ለጋራ ሥራ አይሆንም፤ ብጠራው አይመጣም» ብሎ ቢያማርርባቸው ሽማግሌው እንዲህ አሉት፦

«ሲመጣ ምን ትሰጠዋለህ? የሚሠራው ነገር ወይስ የሚቀመጥበት ወንበር?»