«ገዛኩ» አልህ

— ሄሎ… ወዓለይኩሙ ሰላም። አይ፣ እናትህ አይደሉም፤ ሰሚሐ ነኝ። ሚስትህ።

— ምን ላድርግ፤ የኔን ስልክ ማንሳት ተውህ። ከረመዳን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላነሳህልኝም፤ ለእናትህ ግን በየጁምዓው ትደውላለህ። ስለዚህ ፋሲሎ ድረስ እቤታቸው መጥቼ ከስልካቸው አጠገብ ቁጭ አልሁ።

— እማ ሐሊማ፣ ደኅና ነው፤ ይቀመጡ፣ አሁን አገናኝዎታለሁ።

— ሄሎ፣ ሙአዊያ… ትሰማኛለህ? ልጣላህ አይደለም። አንድ ነገር ንገረኝና ልሂድ። ቆላ ድባ ላለው የላቦራቶሪ ሥራ መልስ የሚፈልጉት ዛሬ ነው። ልቀበል ወይስ ልተው?

— «ተይው» አልህ? ባለፈውም «ተይው» ብለኸኝ የወረታው ሥራ አመለጠኝ። «ቤቱ ይስተካከል፣ ከዚያ ፖላንድ ትመጫለሽ» እንዳልህ ነው። እሺ፣ ምኑ ነው እስካሁን ያልተስተካከለ?

— እ… እንደኛ ቀበሌ ያለ ቢሮ ሄደህ ተመዘገብህ። ጥሩ። ቆሻሻውን በየዓይነቱ መለየት ለመድህ። የአውቶቡስ ትኬት ገዝተህ እንኳ መኪናው ውስጥ ማኅተም ካላስመታህ ይቀጡሃል። እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ትሸምታለህ። ድስት… መወልወያ… ምን? ምን ገዛኩ አልህ?

— መጋረጃ። አንተ? የእናትህን መጋረጃ ትሰቅላለህ ተብሎ ስንት ኢድ አለፈ፣ ሙአዊያ?

— አይ፣ አልሳቅሁም። ብቻህን ነው የመረጥኸው?… እሺ፣ ብቻህን። ከተማው ውስጥ ሐበሻ የለም እንዴ?… አንድም? ታዲያ አማርኛ ከማን ጋር ታወራለህ?… ከኛ ጋር ብቻ፣ በስልክ። አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅሁህ።

— እማ፣ ባለፈው ጁምዓ ምን ነበር ያሉኝ? «ልጄ ሲናገር የሌላ ሰው ልጅ መሰለኝ፤ መስመሩ ይሆናል» አላሉኝም? መስመሩ አይደለም።

— ሄሎ፣ አለህ? እንግዲህ ስማኝ። ከዚህ ስትሄድ «ገዛሁ»፣ «መጣሁ»፣ «በላሁ» ነበር የምትል። መርካቶ ለዕቃ ስትመላለስ እንኳ አፍህ አልተለወጠም፤ ነጋዴዎቹ ሲስቁብህ አብረህ ትስቅ ነበር። አሁን «ገዛኩ» አልህ። ፖላንዶቹ ናቸው ያስተማሩህ?

— ከዩቲዩብ?… ዩቲዩብ መጋረጃ አይመርጥም።

— «እንደምታስቢው አይደለም»። እንዴት እንደማስብ መቼ ነገርሁህ?… እሺ። የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሥራ ቦታ ተዋወቃችሁ። ቤት ኪራይ ውድ ሆነባችሁ… አንድ ቤት ገባችሁ። ስሟን አልጠየቅሁህም፣ ተወው።

— ምን? ድገመው እስቲ። «ልነግርሽ ነበር፣ ፈርቼ ተውኩት።» ይኸው፣ ስትፈራም በሷ አፍ ነው የምትፈራ።

— አላለቅስም። አንተም አታልቅስ፣ እናትህ እያዩኝ ነው። ኒካሑን ለማፍረስ አባቴ ዘንድ አንተው ራስህ ትደውላለህ። በሽማግሌ አይደለም፣ በአፍህ። በፈለግኸው አፍ።

— አይ እማ፣ ምሳ አልበላም፤ መኪና እንዳያመልጠኝ። ከርስዎ ጋር ምን ጠብ አለኝ፤ ስመለስ መጥቼ አይዎታለሁ። መጋረጃዎንም እሰቅልልዎታለሁ።

— ሙአዊያ፣ ስልኩን ለእናትህ ልሰጣቸው ነው። የጠየቁህን ሁሉ ንገራቸው፤ እኔ አልነግርልህም። ቆላ ድባ ያሉትን ደግሞ እሺ ልላቸው ነው። አሁን በር ሲዘጋ ትሰማለህ። ንፋስ እንዳይመስልህ፣ እኔ ነኝ።

— እንኩ እማ፣ ልጅዎ ነው።

— ሄድሁ።