የባልንጀራ መደርደሪያ

ሽማግሌው ጫጩት አስፈልፋይ የሞቱ እንቁላሎች የሞሉበትን ቅርጫት ታቅፈው አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ሲደርሱ፣ የወንድማቸውን ልጅ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አገኟት። እሷ በውሃ መመርመሪያ ቤት ትሠራለች። እሳቸው ደግሞ ሰፈሩ «አፈ ማር» የሚላቸው፣ ወግ ሲጀምሩ የቸኮለ ሰው እንኳ አውቶቡሱ ቢያመልጠው የማይቆጨው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሽታ ምንድን ነው?»

«የክህደት ሽታ ነው፣ ልጄ! ባለ ዶሮው በር ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ልደፋው ነው። ከዛሬ በኋላ እሱ ለእኔ የለም።»

ባለ ዶሮው የሠላሳ ዓመት ባልንጀራቸውና እንቁላል አቅራቢያቸው ነው። ልጅቷ ክው አለች።

«ምን አደረገዎት?»

አፈ ማርም ቅርጫቱን ጉልበታቸው ላይ አደላድለው ጀመሩ። ከሦስት ወር በፊት ባለ ዶሮው በሽርክና እንሥራ ቢላቸው እምቢ አሉት። በሳምንቱ መንገድ ላይ ፊቱን አዞረባቸው። ከዚያ ወዲህ የእሱ እንቁላል ግማሹ እንኳ አይፈለፈልም፤ የጎረቤታቸው የመበለቷ እንቁላል ግን አሳፍሯቸው አያውቅም። እንግዲህ ቂሙን ቋጥሮ፣ ያረጀ ያረጀውን እየመረጠ ይልክላቸዋል ማለት ነው።

አጠገባቸው የቆመ አናጢ «ሰው እኮ ክፉ ነው!» ብሎ መጋዙን ነቀነቀ። ሹራብ ትሠራ የነበረች ሴትዮም «እዚያው በሩ ላይ ነው መድፋት!» ስትል ፈረደች።

«አየሽ? የሰማ ሁሉ ፈረደ» አሉ ሽማግሌው።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት፣ ጋሼ። እነዚህኑ ነገሮች ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ባለ ዶሮው ንጹሕ፣ እርስዎ በዳይ የሆኑበትን ወግ ይንገሩኝ።»

«እኔ? በዳይ?»

«አይችሉም እንዴ?»

የሚያማቸውን ቦታ ነካችው። አፈ ማር የማይችሉት ወግ አለ ተብሎ አያውቅም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ምስኪን ዶሮ አርቢ ነበር። ሠላሳ ዓመት ለወዳጁ ትኩስ እንቁላል ሲያመጣለት ኖሮ ሽርክና ቢጠይቀው፣ ወዳጁ ናቀው። ምስኪኑ አፍሮ መንገድ ላይ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ወዳጅ ተብዬው መናቁ ሳያንሰው፣ የመበለቷን እንቁላል እየተንከባከበ የእሱን ቸል ይለው ጀመር። በመጨረሻም ራሱ የገደለውን እንቁላል ታቅፎ፣ በሰው ፊት ሊያዋርደው ተነሣ…» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

ሴትዮዋ ዓይኗን በሹራቡ ጠረገች። አናጢው ግን ቱግ ብሎ «በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም?» አላቸው።

«ኧረ ወግ ነው!» አሉ ሽማግሌው፣ ቅርጫቱን ወደ ደረታቸው እየሳቡ።

«የፊተኛውስ?» አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው ዞረው አናጢውን አዩት። በዕድሜያቸው ያሳመኑት ሰው ስፍር ቁጥር የለውም፤ አንዱን አናጢ በአንድ ጠዋት ወዲያም ወዲህም ማሳመን ግን አልገጠማቸውም ነበር። ሁለቱም ወጎች አምረዋል፤ ሁለቱም ግን አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

«ደግሞ እናንተ የተማራችሁ!» አሉ በመጨረሻ። «ታዲያ ዓለም ያለ ወግ በምን ይታወቃል? በእናንተ ቁጥር? ቁጥር ቂም ያውቃል?»

«አያውቅም፤ ስለዚህም አያዳላም። ወግ የግድ በዳይ ይፈልጋል፣ ጋሼ። የሚስማማውን ያነሣል፣ የማይስማማውን ይጥላል። ለመሆኑ የባለ ዶሮውን እንቁላል የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ይሄ ይጠየቃል? በመፈልፈያው ሣጥን ውስጥ፣ የበሩ መደርደሪያ ላይ ነዋ! በሩን ሲከፍቱት መጀመሪያ የሚታየው የክብር ቦታ እሱ ነው። የመበለቷ ከኋላ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ባልንጀራ ወደ ጓዳ ይገፋል እንዴ?»

«እንግዲያው ጥፋቱ የሰውየው ይሁን የቦታው አናውቅም። ሃያ አንድ ቀን ይስጡኝ። ከሁለቱም መቶ መቶ እንቁላል ወስደን በእርሳስ ምልክት እናድርግባቸው። የሁለቱንም ግማሹን በበሩ፣ ግማሹን ከኋላ እናስቀምጥ። ጥፋቱ የባለ ዶሮው ከሆነ እንቁላሉ ከኋላም ሆኖ ይሞታል። ያኔ ቅርጫቱን እኔ ራሴ እሸከምልዎታለሁ።»

አውቶቡሱ መጣ። ሽማግሌው አዩት፣ ቅርጫቱን አዩ፤ አልተሳፈሩም።

በሃያ አንደኛው ቀን መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ቆጠሩ፤ አላመኑምና ደግመው ቆጠሩ። ከኋላ ከተቀመጡት የባለ ዶሮው ሃምሳ እንቁላሎች አርባ አራቱ፣ ከመበለቷ ሃምሳ ደግሞ አርባ አምስቱ ተፈልፍለዋል። በበሩ በኩል የባለ ዶሮው ሃያ ሁለት ብቻ፤ የዚያች አሳፍራ የማታውቀው መበለትስ? ሃያ አንድ!

«አሁን ደግሞ መበለቷ ቂም ያዘችብኝ ልበል?» አሉና በሳቅ ፈነዱ።

ልጅቷ ቀጭን ወረቀት በበሩ ጠርዝ ላይ አድርጋ ዘጋችበት። ስትስበው እንደ ቅቤ ሾልኮ ወጣ። የበሩ ጎማ አርጅቶ ከጥቂት ወራት ወዲህ ብርድ ያስገባ ነበር። የባልንጀራ እንቁላል በዚያው በክብር ቦታው ሲሞት ከርሟል። ቂምም ንቀትም አልነበረበትም፤ አንድ ጣት የምታህል ያረጀች ጎማ ነበረች። ስለ ጎማ ደግሞ ማን ወግ ያወጋል?

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ያንኑ ቅርጫት አጥበው፣ በጫጩት ሞልተው ባለ ዶሮው በር ላይ ደረሱ። ጎረቤት ሁሉ እያየ ጥፋታቸውን አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። እዚህ ላይ ምላሳቸው ጠቀማቸው፤ ቁጥር በሽታውን ያገኛል እንጂ ሰው አያስታርቅም።

«ግን ያን ቀን መንገድ ላይ ፊትህን ለምን አዞርክብኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«የትኛው ቀን?» አለ ባለ ዶሮው።

ሽርክናው ያኔውኑ ተጀመረ። ጎማው ተቀይሮ በቀጣዩ ጊዜ ከሁለት መቶ እንቁላል መቶ ሰባ ስምንቱ ተፈለፈለ። ዛሬ በሣጥኑ በር ላይ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ የየመደርደሪያው ሙቀትና የጫጩቱ ቁጥር ይጻፍበታል። ነገሩን የሰማ ዳቦ ጋጋሪም፣ «ሊጡን ያበላሸብኛል» ያለውን ሠራተኛ ከማባረሩ በፊት ምድጃውን መረመረ፤ ሠራተኛውም እንጀራውን አላጣም። ሳይቆጥሩ መፍረድ ስንት ወዳጅ እንደሚያሳጣ፣ ቆጥሮ መፍረድም ስንት ቤት እንደሚያድን ሰፈሩ ተማረ።

አንድ ጠዋት አፈ ማር አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ይህንኑ ሲያወጉ፣ ያ አናጢ መጋዙን ታቅፎ ከጎናቸው እንደተቀመጠ ሰምቶ ሰምቶ አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«ይሄስ? ይሄኛውንም አሳምረው ነው ወይስ ቆጥረው የሚያወጉን?»

ሽማግሌው በደስታ ጭናቸውን መቱ። ከሣጥኑ በር ፈትተው ያመጡትን ደብተር ከኪሳቸው አወጡና ጉልበቱ ላይ አኖሩለት።

«ወንድ! እንካ፣ አንተው ቁጠር።»