ትርንጎ ስትጠራ

ረፋድ ላይ፣ በአንዲት የቆላ ከተማ ዳር ባለች ተማሪ የሳሳባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ርዕሰ መምህሩ ይርዳውና የትርንጎና የማስተዋል እናት ወይዘሮ አስካለ ቢሮ ውስጥ ተፋጠዋል።

አስካለ፦ ትርንጎን ከስም መጥሪያው አትሰርዛትም አልኩህ! እስክሪብቶውን አስቀምጥ!

ይርዳው፦ እትዬ አስካለ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ነገ የወረዳ ሰዎች መጥተው ተማሪውን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ስም ተጠርቶ ሰው ከታጣ አለቀልን።

አስካለ፦ ትርንጎ ታጣች ማን አለህ? ዓረብ አገር ናት።

ይርዳው፦ እትዬ… የተሳፈረችበት ጀልባ ባሕር ላይ ከሰጠመ እኮ ዓመት አለፈው።

አስካለ፦ የተረፉም አሉ ተብሏል! ጎረቤቱ ሁሉ «እርምሽን አውጪ» ይለኛል። ሬሳ ሳላይ የምን እርም ነው? ጠዋት ጠዋት አንተ ስሟን ስትጠራ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ እሰማለሁ። ማስተዋልዬ በእህቷ ፈንታ «አቤት» ትላለች። እሱን ሰምቼ ወደ ገበያዬ እሄዳለሁ። ይኼ ምንህን ጎዳህ?

ይርዳው፦ አንጀቴ አልችል ብሎ አይደል የፈቀድኩት? ዘጠነኛና አሥረኛን አንድ ክፍል አጉሬ የማስተምር ሰው፣ አንድ ስም ቢበዛ ምን ገዶኝ ብዬ! ነገ ግን አንዲት ልጅ በሁለት ስም አቤት ስትል ከያዙን «ቁጥር ለማብዛት የሙት…»

አስካለ፦ ምን አልክ?

ይርዳው፦ ይቅርታ። «የሌለ ስም ይዛችኋል» ብለው ይዘጉናል። ሰበብ ነው የሚፈልጉት። ወንዶቹ ወርቅ ቁፋሮ ሄዱ፣ ሴቶቹን ደላላ ወሰዳቸው። የቀሩትን ደግሞ ወረዳ ከተማ ሄዳችሁ ተማሩ ይሏቸዋል።

አስካለ፦ ማስተዋልንም?

ይርዳው፦ እሷንም። ቤት ተከራይታ፣ ብቻዋን።

አስካለ፦ ያ ትርንጎን የወሰዳት ደላላ ያለው እዚያ አይደል እንዴ!

ይርዳው፦ እኔስ ምን እያልኩ ነው?

አስካለ፦ እንግዲያው ነገ «ትርንጎ ታማለች» በላቸው። ልጅ አይታመምም?

ይርዳው፦ ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል አሉ፣ እትዬ…

አስካለ፦ ውሃ አትጥራብኝ!

ይርዳው፦ አፌን ቁርጥ ያርገው።

አስካለ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሞኟ እኔው ልሁን፤ ወረቀትህ ግን ልጄን አይልቀቅብኝ። ሌላ ምን ቀረኝ? ነጠላዋ ላይ የነበረው ጠረኗ እንኳ ጠፋ።

ይርዳው፦ ባልነግርዎ ደስ ይለኝ ነበር…

አስካለ፦ ተናገር። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?

ይርዳው፦ ሰሞኑን «ማስተዋል» ብዬ ስጠራ መልስ የለም። ጎኗ ያለችው ልጅ ትነካካታለች፣ ዝም። «ትርንጎ» ስል ብቻ ነው ቀና ብላ አቤት የምትለው። ለብቻዋ ጠርቼ ምን ሆነሽ ነው ብላት «እማዬ ከአጥሩ ውጪ የምትጠብቀው እሷን እንጂ እኔን አይደለም» አለችኝ።

አስካለ፦ እንዲህ አለች? ማስተዋልዬ?

ይርዳው፦ አዎ፣ እትዬ።

አስካለ፦ ወይኔ! ወይኔ አስካለ! ያለችዋንም በቁሟ ልቀብራት ነበር።

ይርዳው፦ ይቀመጡ እስቲ። ነገ አንድ ዘዴ እንፈልግ ይሆናል፣ እኔ…

አስካለ፦ ተወው። ሰርዛት። ከዚያ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ አስጠራልኝ። ማስተዋልንም ከክፍል ልቀቅልኝ፤ እህቷን አብረን እናልቅሳት።