ደህና ነን ያልነው በሽተኞች

በእኛ ጊዜ ሰው ሐኪም ዘንድ ብቻውን ይገባ ነበር፣ ብቻውን ይዋሽ ነበር፣ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣ ነበር፤ አለቀ። አሁን በጉባኤ ሆኗል። ያንን የምትቀጂበትን ስልክ ጠጋ አድርጊው ልጄ፣ ይሄ ፓርኪንሰን የሚሉት እጄን አንቀጥቅጦ ሲያበቃ ድምፄንም ወስዶታል፤ ምላሴን ግን ትቶልኛል፣ ተመስገን።

እና ታዲያ የምትከታተለኝ ዶክተር ደወለች። ልጅ እግር ናት። "አባባ፣ ከእንግዲህ ፓርኪንሰን ያለባችሁ ሁሉ ከነአስታማሚዎቻችሁ አንድ ላይ ነው የምትታዩት፤ አንዳችሁ ከሌላው ትማራላችሁ" አለችኝ። ምን እንማራለን? መንቀጥቀጥ? እሱንስ ያለ አስተማሪ ችለነዋል! እኔ ዕድሜዬን ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ሚስቴ አስካለ ናት።

ቀጠሮው ጠዋት አራት ሰዓት፣ ጀሞ። ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም። ጾሙን ያዢልኝ እንግዲህ፣ ጣጣው ከእሱ ነው። እኔ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ፣ መድኃኒቱንም አልውጥ። ጠዋት የሚዋጠው ኪኒን ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቀኛል፣ እኔም እስከዚያ እንጨት ነኝ። አስካለ "ኧረ የነፍስ አባትህ እንኳ ለበሽተኛ ይፈቀዳል ብለዋል" ትለኛለች። "እሳቸው ቢፈቅዱ እኔ አልፈቀድኩም!" እላታለሁ። ቄሱን የማርም ጻድቅ ነበርኩ፣ አየሽ።

ታዲያ አስካለና የላዳው ሹፌር እንደ ቁም ሳጥን ጭነውኝ ከመካኒሳ አቦ ተነሳን። መንገድ ላይ "ስለ ኪኒኑ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ በአቦ ይዤሻለሁ" አልኳት።

ደረስን፤ ወንበሩ ዙሪያውን ተደርድሯል፣ ስድስት በሽተኛ፣ ስድስት አስታማሚ። ዶክተሯ ከእኔ ጀመረች።

"አባባ፣ እንዴት ነዎት?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ቀጥሎ ጋሽ ኤርሚያስ፣ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሰው፣ ጴንጤ ናቸው። "ጌታ ይባረክ፣ በጣም ደህና ነኝ!" ይላሉ፤ ወንበሩ ከእሳቸው ጋር ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ እትዬ የሺ ከብስራተ ገብርኤል፣ ልጃቸው አገጫቸውን እየጠረገችላቸው "ደህና፣ ተመስገን።" ስድስታችንም ደህና! ታዲያ ምን እንበል? እንዴት ነህ ሲሉት አመመኝ የሚል ማን አለ? ነውር አይደለም እንዴ!

"ደህና ከሆናችሁ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?" አለች ዶክተሯ።

"ቀጠሮ አክብረን ነዋ!" አሉ ጋሽ ኤርሚያስ።

ከዚያ የእኔን ካርድ ገለጠች። "አባባ፣ ሰውነትዎ ጠዋት ጠዋት እንዲህ የሚደርቅ ከሆነ መድኃኒቱ አልበቃዎትም ማለት ነው፤ አሁንም ልጨምርልዎት ነው" አለች። እኔ እንደ ዳኛ ራሴን ነቀነቅኩ። ለነገሩ ነቀነቅኩም አልነቀነቅኩም ማን ይለየዋል? አስካለ አየችኝ፣ አየኋት። በአቦ ተይዛለች፣ ምን ትበል።

"ከመጨመሬ በፊት ግን፣ እማማ፣ ጠዋት ከአልጋ እንዴት እንደሚያነሷቸው እስቲ ያሳዩን" አለች ዶክተሯ። ጥግ ላይ ያለው የምርመራ አልጋ ላይ አጋደሙኝ። አስካለ መጣች፣ እጇን በብብቴ ስር አስገባች፣ "በል ተነሳ የኔ ጌታ" አለች፣ ሳብ አደረገችኝ፣ እና "ዋይ ወገቤን!" ብላ አጠገቤ ቁጭ አለች። ዶክተሯ ሮጣ መጣች፤ "እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?" ስትላት አስካለ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ኧረ ደህና ነኝ፣ ተመስገን!" እንባዋ እየወረደ!

እኔ እኮ በየጠዋቱ ስታነሳኝ እምም የምትለው እየጸለየች ይመስለኝ ነበር። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አፈርኩ። ለካ የእኔን ጾም የሚጾመው የእሷ ወገብ ኖሯል።

እንደተጋደምኩ "ዶክተር፣ አትጨምሪ! የሰጠሽኝንስ መች ዋጥኩት? በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልነካውም" አልኩ። እትዬ የሺ ቀስ ብለው "እኔም" አሉ። ጋሽ ኤርሚያስ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ "እናንተ ኦርቶዶክሶች!" ሲሉ ሚስታቸው "አንተስ? በጾም ጸሎት ሳምንት ኪኒኑን ኪሱ ውስጥ የሚደብቀው ማነው?" አሏቸው። ጋሽ ኤርሚያስ ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እና እስከ ዛሬ መድኃኒት የምጨምረው ለማን ነው?" አለች። በገዛ ራስ ማቋረጥ አደጋ እንዳለው ነግራ፣ ሽማግሌ ሳትል አሮጊት ሳትል እንደ ተማሪ ገሠጸችን። የአስካለንም ወገብ አየችላት፣ አነሳሱንም አስተማረቻት፤ መጎተት የለም፣ መጀመሪያ ወደ ጎን ማዞር፣ እግርን ከአልጋው ማውረድ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማስቀመጥ። ይኸው ነው።

አሁን ኪኒኑን በሰዓቱ እውጣለሁ። ብዙውን ቀን ራሴ እነሳለሁ፣ ያልቻልኩ ቀን ደግሞ እንደተማርነው ነው። እና ያ ጉባኤ ጥሩ ነው እላለሁ? አልልም! ብቻ የቀጠሮው ቀን ቀድሞ ለብሶ በር ላይ የሚቀመጠው እኔ ነኝ።

አስካለ! አንቺ አስካለ! ወገብሽ ዛሬ እንዴት ዋለ?

"ደህና ነኝ፣ ተመስገን!"

ሰማሻት? ውሸታም! ስልኩን እንዳታጠፊው ልጄ፣ ሐሙስ ቀጠሮው ላይ ለዶክተሯ እናሰማታለን። (ሳቅ)