የተፈተገችው ሴትዮ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ጄኔቭ ገብቼ፣ ማንም ሳያስተምረኝ የድሮ ሳንቲም አዋቂ የሆንኩ ሰው ነኝ። ዙሪክ ድረስ የሚጠሩኝ ሰብሳቢዎች አሉ። ሳንቲም ላይ የተቀረጸችን ሴት ከጠጉር አሠራሯ ለይቼ ዘመኗን እናገራለሁ፤ ፊቷ ቢፋቅ እንኳ ማንነቷ አይሰወርብኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወደ ካሩዥ በሚሄደው ትራም ሁለት የአገሬ ልጆች ከፊቴ ተቀመጡ። አንደኛዋ የዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ናት፤ የምታወራው ለጓደኛዋ ነው።

«የብር ዕቃውን ሁሉ አጽጂ ብለውኝ ሄዱ። መሳቢያ ውስጥ ያለችውን የድሮ ሳንቲምም ከምድጃቸው አመድ ወስጄ በሎሚ ፈተግኳት።»

«የቷን?»

«ጋሻ የያዘችውን ሴትዮ፣ የስዊስ ምልክት የምትባለውን። ጠቁራ ነበር፤ አሁን እንደ መስታወት ታበራለች።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ታጥባ የወጣች ሴት የሚጠላ ወንድ አለ?»

«አትቀልጂ! ሰውየው የሚወዱት ያንን ጥቁረቷን ነው። ያለ ጓንት እንኳ አይነኳትም።»

«ጥላሸት እንቀባታ!»

«አሮጌዋን ሰርቃ በአዲስ ለወጠቻት ቢሉኝስ? የመኖሪያ ካርዴ ያለው በእሳቸው ሥራ ነው። ካባረሩኝ ከአገር መውጣቴ ነው።»

«ያችው ራሷ ናት በያቸዋ።»

«ማን ይመሰክርልኛል? አንቺ?»

«እኔማ ሳንቲም የማውቀው ዳቦ ስገዛበት ነው።»

«ለምሳ ይገባሉ። በይ ደረስኩ፤ ጸልዪልኝ።»

እኔ በዚያ ጉዞ ጋዜጣዬን አጠፍኩ፣ መነጽሬን ወለወልኩ፣ ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ፣ ልጅቷ ስትወርድም እንዳትደናቀፍ እግሬን ሰበሰብኩላት።